የሚፈላው ዱቄት

«ወንድሟ ነው አሉ።»

ዕቃ የጠፋባት ሴት አማት ይህን ሲናገሩ ለስድስተኛ ጊዜ ነበር። ሳጅኗ ቆጥራለች። መጀመሪያ ለጣቢያው ዘበኛ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ ከዚያ ጆሮ ላለው ሁሉ።

«ማን ነው ያለው እማማ?»

«እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው! የክፍሉ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ፤ ትናንት ከእህቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያረፈደው እሱ። ሌባ ከውጭ አይመጣም ልጄ።»

ወሬ እግር የለውም ይባላል፤ ግን ከፖሊስ መኪና ቀድሞ ይደርሳል። ወንድምየው ከማለዳ ጀምሮ ታስሯል። ስድስት ሰዓት ላይ የምትነሳ ትልቅ ጀልባ በመካኒክነት ቀጥራዋለች፤ ሁለት ዓመት የጠበቀው ሥራ ነው። ካልደረሰ ካፒቴኑ ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል።

አሁን አራት ሰዓት ነው።

እህትየው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሆዷን ደግፋ ቆማለች፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ፣ መንጠቆ የተተከለባቸውን ትንንሽ ማጥመጃዎች ቀለም ቀብታ ለዓሣ አጥማጆች ትሸጣለች። ለነገ ሦስት መቶ ቀያይ ታዝዘዋል።

«ምን ጠፋ?»

«ጣሳው፣ ከነቀዩ የቀለም ዱቄት። ትናንት ከሰዓት ሐኪም ቤት ሄጄ ስመለስ የለም።»

«ሌላስ?»

«ሌላው እንዳለ ነው። የአየር ፓምፑም አለ።»

«አሠራሩን ንገሪኝ።»

«የጣሳው ታች እንደ ወንፊት ነው። ፓምፑ ከሥር አየር ሲነፋበት ዱቄቱ ሊገነፍል እንደ ደረሰ ወተት ይነሳል። እርሳሱን በእሳት አግዬ እነክረዋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አወጣዋለሁ። ልብስ ሳይሆን ቆዳ ነው የሚሆንለት። ከዚያ ምድጃ ገብቶ ይጠነክራል።»

«ያለ ፓምፑስ?»

«የተኛ ዱቄት ነው። እርሳሱ ላይ ይጓጉላል፣ የክሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ተፎካካሪዬን አቶ ድፍኑን ጠይቂው፤ ስሙን ያወጣለት ይኸው ነው።»

«ፓምፑን የገጠመልሽ ማነው?»

«ወንድሜ።»

«የተጣላችሁትስ በምንድነው?»

ፊቷን አዞረች። «ጀልባው ላይ አትሂድ ስላልኩት።»

የአቶ ድፍኑ ሱቅ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። የእጅ ሥራውን እንደ ተሰቀለ ልብስ ደርድሮ ተቀምጧል፤ አንዱንም ቀዳዳ መርፌ አያልፈውም።

«ተጠርጣሪ ነኝ?»

«ገና አልታደልክም። ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሠላሳ ሰው አይቶኛል፤ የገዛኝ ግን የለም።» ሳቀ። «ስሚኝ ሳጅን፤ ፓምፑ ቀርቷል አሉ፤ ብሰርቅማ እሱን ትቼ እሄዳለሁ? ድስቱን ወስዶ እሳቱን የሚተው ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ሳጅኗ ይህን እያመላለሰች ተመለሰች። ሰውየው ምቀኛ ይሁን እንጂ ቂል አይደለም። ወንድምየው ደግሞ ፓምፑን በገዛ እጁ የገጠመ ነው። የወሰደው ሰው ጣሳው ያለ ፓምፑ ዋጋ እንደሌለው አያውቅም። ወይም ሊሠራበት አልፈለገም።

የጣሳው ቦታ ላይ ጎንበስ ስትል እጅጌዋ ቀይ ሆነ። መሐረቧን ከቧንቧው አርጥባ ልትጠርግ ስትል እህትየው ጮኸች።

«ውሃ አታስነኪው! በደረቁ አራግፊው። ውሃ አያሟሟውም፤ ክሩ ውስጥ ይዞት ይገባል። ከዚያ ሙቀት ካገኘ አለቀልሽ፤ ቀልጦ ዕድሜ ልኩን አይለቅም።»

ሳጅኗ እጅጌዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። ቀዩ ብን ብሎ ጠፋ።

«ይህን የማያውቅ ሰው ልብሱ ቢነካበት ምን ያደርጋል?»

«ያጥበዋላ።»

«ካጠበስ በኋላ?»

እህትየው መልስ ከመስጠቷ በፊት ሳጅኗ ወጥታ ነበር።

አማትየው የወጥ ቤት ጨርቅ ሳይቀር የሚተኩሱ ሴት ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለአንዲት ጎረቤት ሰባተኛውን «አሉ» ጀምረዋል። ነጭ ሻርፓቸው እንደ ወረቀት ተጣጥፏል።

«እማማ፣ ካውያዎን ቢያሳዩኝ?»

«ካውያ? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ካውያው ከከበደ ሻርፑ ይበቃኛል።»

ጠርዙ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ቀያይ፣ አንጸባራቂ፣ እንደ ጥፍር ቀለም የደረቁ። ሳጅኗ በጥፍሯ ፋቀች። ንቅንቅ አላሉም።

ጎረቤትየዋ እያየች እያየች ተነስታ ሄደች።

«ከአልጋዬ ሥር ነው፣» አሉ አማትየው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የክፍሉ ትርፍ ቁልፍ እኔም ዘንድ አለ። ለክፋት አይደለም። ከዚያ ክፍል በየቀኑ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል። እርሳስ ስታቀልጥ ጭሱ ወደ ሆዷ ይገባል፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። ስንቴ ለመንኳት! ጣሳው ከጠፋ ሥራው ይቀራል፣ ሥራው ከቀረ እሳቱ ይጠፋል አልኩ።»

«ወንድሟስ?»

«ጎረምሳ ነው፤ አንድ ቀን ቢታሰር አይሞትም። ሕፃን ግን…»

ልጁ ሲፈታ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሳጅኗ ራሷ መኪናውን ነዳች፤ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ፣ አንዷ በአንዱ በር፣ ሌላዋ በሌላው። ወደቡ ሲደርሱ ጀልባዋ ከሐይቁ መሐል ነጭ ነጥብ አክላለች። ካፒቴኑ አሥር ደቂቃ እንኳ አልጠበቀም።

ልጁ ቁጭ አለ።

አማትየው ከኋላው ቆመው እንባቸውን በዚያው ሻርፕ ጠረጉ። «በልጄ ሞት ይቅር በለኝ። ለጭሱ ብዬ ነው።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ያን ሁሉ ስለምንሽ አንድ ቃል ብትመልሺልኝ ምናለበት?»

«‹ምክሬን ሰማች› ብለው ሰፈሩን እንዳያዳርሱ ብዬ ነው፣» አለች ምራታቸው፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «የሚሸትዎት ምድጃው ነው። እርሳስ ማቅለጥ ካቆምኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ ሐኪሙ ከከለከለኝ ቀን ጀምሮ ከራሱ ቤት እያቀለጠ የሚያመጣልኝ ወንድሜ ነው።»