ክር ያልታሰረባቸው ሁለት ሽቦዎች

ሙሉቀን የሞተው ሸዋ ሮቢት በምታሸልብበት ሰዓት ነው። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ባለባጃጁ የኋላ ወንበሩ ላይ ይጋደማል፣ ሽንኩርት ጫኙም ከማንጎው ጥላ ንቅንቅ አይልም። ጊታርና አምፕሊፋየር ጠጋኙ ሙሉቀን ብቻ ቀን መተኛት አያውቅበትም ነበር። እህቱ ብርቱካን በዘጠኝ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ይዛለት ወደ ሥራ ቤቱ ስትገባ፣ ከወንበሩ ወድቆ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ጊታሩ ደረቱ ላይ ነበር፣ ገመዱም ከአምፕሊፋየሩ አልተነቀለም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተተከለው ብረት መንከሻ፣ ሞርሳው፣ ደም ነክቶታል።

ከተማው ፍርዱን ለመስጠት እስኪመሽ አልጠበቀም። ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ወርውሮ ሞርሳው ላይ ጣለው፣ አበቃ። የአምፕሊፋየሩ ስፒና ሲፈታ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ገመድ ወደ መሬት በሚሄደው ገመድ ቦታ ታስሮ ተገኘ፤ እንዲህ ሲሆን የጊታሩ አውታር ራሱ ይነዝራል። ያንን ስፒና ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቀየረው ኤሌክትሪሺያኑ ሱፍዋን ነው። ሰው ወሬ ካገኘ ዳኛ ምን ይሠራለታል?

ኢንስፔክተር ሩዋይዳ በማግሥቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ሱፍዋን ወደ ታሰረበት ክፍል ነው። ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትኩር ብሎ ያያቸው ነበር።

«ንገሪኝ እህቴ» አላት። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አንተ አታውቅም?»

«ገመዱን በየቦታው አሰርኩ። እጄ ለምዶታል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩና፣ ወላሂ፣ አሁን እጄንም አላምነው። ከሙሉቀን ጋር አብረን ነው ያደግነው። እኔ ከሆንኩ ከዚህ ባታስወጪኝ ይሻለኛል።»

«ከስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ዙህር ሰግደን ከጓደኛዬ ከአንዋር ጋር ምሳ በላን። ከሰባት ተኩል በኋላ ግን ቤቴ ብቻዬን ተኝቼ ነበር።»

ሩዋይዳ ተስፋ መስጠት አትወድም፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ከመዝረፍ አይሻልም ትላለች። «ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» አለችው። «ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ግን አንተ ሁን አትሁን አውቄ እነግርሃለሁ።»

በሥራ ቤቱ ሳጅን ደሳለኝ መዝገቡን ሊዘጋ ብዕሩን ይዞ ጠበቃት። ሳጅኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሙቀቱ ነው የሚያስቸኩለው። «አደጋ ነው ኢንስፔክተር። ስምንት ሰዓት ላይ ሲጫወት ጎረቤት ሰምታዋለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። በዚህ ሙቀት ሐኪሙም ከዚያ የተሻለ ሰዓት ሊነግረን አልቻለም።»

ሩዋይዳ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። አባቷ አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ ራዲዮ ጠጋኝ ስለነበሩ፣ የጠጋኝ ጠረጴዛ ለእሷ እንደ ደብተር ይነበባል። እዚህ ቤት የተለካ ዕቃ ሁሉ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በላዩም በሙሉቀን ጽሕፈት «ተለክቷል» ይላል። ስፒናውም ፕላስተር አለው። የተለጠፈው በክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ነው፣ ቀኑም ያው የሞተበት ቀን ነው።

«ፕላስተሩን የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ስንደርስ ተቆርጦ ነበር» አለ ደሳለኝ።

ቀጥላ ካቻቪቴ አንሥታ የጊታሩን ክዳን ፈታች። ሙሉቀን ያን ቀን የጊታሩን ፒክአፕ፣ ማለትም የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ፣ ሲቀይር ነበር። አሮጌው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አዲሱ የሠሪው ስም የሌለበት፣ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው፣ አራት ሽቦ የሚወጣበት ነው። በቀዩና በአረንጓዴው ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ የስፌት ክር ታስሯል። ጥቁሩና ነጩ ክር የላቸውም፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተበይደዋል። ሩዋይዳ እዚያች ብያጅ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያም አምፕሊፋየሩን በሌላ ስፒና አስከፍታ አንድ አውታር መታች። የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ከጣሳ ውስጥ የሚጮህ ዓይነት።

«ተበላሽቷል?» አለ ደሳለኝ።

«አልተበላሸም። አልተስማማም» አለችና ክዳኑን መልሳ አሰረችው።

ብርቱካን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ከሱፍዋን በኋላ ማን መጣ?»

«ማንም አላየሁም። ስልክ ግን ከአዲስ አበባ ተደወለለት። ፊቱ ተለዋወጠ። ‹የገዛ ዜማዬን በሌላ ሰው ስም አሰሙኝ› አለኝ። ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው ወደ ማጀት ገባሁ። ምናለ ብጠይቀው።»

«ስትጮኺ መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«ሙሉቀን የሚጫወትበት ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሰለሞን። ከማዶው ሆቴል ሮጦ ገባ። መብራቱን አጥፍቶ ‹እንዳይነዝራችሁ› እያለ ሁላችንንም አስወጣን። ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም።»

አልጋ አከራይዋ እትዬ ፀሐይ የሚኖሩት ከሥራ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ነው። ቀን ሲጋደሙ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነው፤ ምክንያቱም ጊታሩ ነው።

«ስምንት ሰዓት መሆኑን በምን አወቁ?» አለች ሩዋይዳ።

«የስምንት ሰዓቱ ዜና ሊጀምር ሲል ሬዲዮዬን ከፍቼ ነበር። ለእሱ ስል ዘጋሁት። ያ ወፍራም፣ ሆድ የሚገባ ድምፁ ነበር ልጄ።»

«ወፍራም? ቀጭን አልነበረም?»

«ጆሮዬን ደግሞ ምን አገኘው? ወፍራም ነው የምልሽ። ብቻ ያን ቀን ተቀየምኩት። ሲጨርስ እኔ ግድግዳውን ሦስቴ አንኳኳለታለሁ፣ እሱ አንድ ጊዜ አውታሩን መትቶ ይመልስልኛል። አራት ዓመት እንዲህ ስንባባል ኖረናል። ትናንት አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። ደገምኩ፣ ዝም። ‹ምን አጠፋሁ?› ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ለካ ሞት እያጣደፈው ነው።»

ሩዋይዳ የአሮጊቷን እጅ ያዝ አደረገችና ወጣች።

ሰለሞንን ያገኘችው በሆቴሉ አዳራሽ ነው። ለቅዳሜው ሠርግ ድምፅ ማጉያ ያስተካክላል።

«ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነበርኩ» አላት ሳትጠይቀው። «ሃያ ሰው አይቶኛል።»

«ከሰባት በፊትስ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ።»

«እርስዎም መበየድ ይችላሉ አሉኝ።»

«ሙሉቀን ሲሠራ እያየሁ ትንሽ ለምጃለሁ።»

«አራት ሽቦ ያለው ፒክአፕ ሲሆን ሽቦውን በምን ይለዩታል?»

«በቀለሙ ነዋ። ቀዩ ወደ ድምፅ መውጫው፣ አረንጓዴው ወደ መሬት፣ ጥቁሩና ነጩ እርስ በርሳቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ደሳለኝን በዓይኗ ጠቀሰችው። ሳጅኑ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የፍተሻ ፈቃድ እስኪያመጣ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ለእሷ ሳምንት ሆኑባት፤ ሰለሞን አንዲት ዕቃ ወንዝ ቢጥል ሱፍዋን ነገ ዳኛ ፊት የሚቀርበው በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በሥራ ቤቱ ተሰበሰቡ። ሱፍዋን በሁለት ፖሊስ መሀል ሆኖ ገባ። ብርቱካን ፊቷን አዞረችበት፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

«ስፒናውን ሱፍዋን ጠዋት ቀየረው» ስትል ሩዋይዳ ጀመረች። «ከሄደ በኋላ ሙሉቀን ለካው፣ ደህና መሆኑን አይቶ መጋጠሚያው ላይ ፕላስተር ለጠፈ። ፕላስተሩን ቆርጦ ስፒናውን የፈታ ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሱፍዋን ያሰረው ትክክል ነበር።»

ሱፍዋን ቀና አለ።

«ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ?» አለ ሰለሞን።

«እሱን ጊታሩ ይመልስልናል።» ክዳኑን ፈትታ አራቱን ሽቦዎች አሳየች። «ሁለት ጥቅል አለ። ሁለቱ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ወደ አንድ ወገን መሳብ አለባቸው። አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ከሳበ፣ ኃይላቸው ይጠፋፋና ድምፁ ይቀጥናል። ስም በሌለው ዕቃ ደግሞ ቀለም አይታመንም፤ እያንዳንዱ ሠሪ የፈለገውን ቀለም ይሰጣል።»

ብያጇን አላቃ የመለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ሁለት ጫፎች በቀዩና በጥቁሩ ሽቦ ላይ አደረገችና ጥቅሉን በካቻቪቴ ነካችው። መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ። በአረንጓዴውና በነጩም እንዲሁ አደረገች፤ አሁንም ወደ ቀኝ።

«ሙሉቀን መርፌውን ወደ ቀኝ የሚያዘልለውን ሽቦ በነጭ ክር ያስራል። ክር ያለው የአንዱ ጥቅል ሽቦ፣ ክር ከሌለው ከሌላው ጥቅል ሽቦ ጋር ይጋባል። እዚህ ግን የተጋቡት ክር የሌላቸው ሁለቱ ናቸው። ለክቶ፣ ክር አስሮ የጨረሰ ሰው እንዲህ አይበይድም። ይህን የበየደው አሮጌውን ፒክአፕ አይቶ በቀለሙ ብቻ ያገናኘ ሌላ ሰው ነው። አጥቂው ሲመጣ ጊታሩ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። ‹ስምንት ሰዓት ላይ ሲጫወት ተሰማ› እንዲባል ደግሞ ጊታሩ መዘጋት ነበረበት። ቸኩሎ በየደው። መትቶም ሊሞክረው አልቻለም፤ ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ፀሐይ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።»

አምፕሊፋየሩን ከፍታ ብያጇን መልሳ እንደነበረችው አገናኘቻትና አውታሩን መታች። ቀጭኑ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ይኼ አይደለም የሰማሁት» አሉ እትዬ ፀሐይ።

«አይደለም። ይህ ጊታር ስምንት ሰዓት ላይ ያንን ድምፅ ሊያወጣ አይችልም ነበር። የሰሙት የተቀዳ ነው፤ የተቀዳ ደግሞ ሲያንኳኩለት አይመልስም። ሙሉቀን ያኔ ከሞተ ቆይቷል። ታዲያ ቅጂው የጠቀመው ማንን ነው? ሱፍዋን ከሰባት ተኩል በፊት ሰው መሀል ነበር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ብቻውን። እሱን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ከሰባት ሰዓት በፊት ያየው ለሌለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ ምስክር ለደረደረ ሰው ነው።» ወደ ሰለሞን ዞረች። «ቀዩ ወደ መውጫው፣ ጥቁሩና ነጩ እርስ በርስ። ብያጁን በአፍህ ነገርከኝ።»

ሰለሞን ሊስቅ ሞከረ። «ሽቦ የበየደ ሁሉ ገዳይ ነው?»

ደሳለኝ ከሰለሞን የኪቦርድ ቦርሳ ውስጥ የተገኘችውን ጡጫ የምታህል ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ትናንት ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ ከዚሁ ቤት አንሥቶ የከተታት ነች። ሚሞሪዋ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከሩብ ባዶ ዝምታ ነው። ሳጅኑ ያንን አሳለፈውና ወፍራሙ፣ ሆድ የሚገባው ጊታር ተነሣ። ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የእሱ ዜማ ነው» አለች ሰለሞንን እያየች። «ባለፈው ወር በስልክህ የቀዳህለት።»

ዜማው እስኪያልቅ ሰለሞን የሞርሳውን ብረት ያይ ነበር።

«ዜማውን በስሜ ወደ አዲስ አበባ ልኬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንዲተወኝ ለመንኩት። ‹ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ለሁሉም እነግራለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ መለካቱን ቀጠለ። ጠረጴዛው ላይ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ነበር፣ በእሱ ጭንቅላቱን መታሁት። ስፒናውንም፣ ሞርሳውንም፣ ቅጂውንም ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ደሳለኝ ይዞት ወጣ። እትዬ ፀሐይም ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሱፍዋን እጅ ከካቴናው ተፈታ። አሁንም እጁን ማየቱን አልተወም። ብርቱካን ተጠግታ ቆመች።

«ትናንት ረገምኩህ» አለችው። «በሰው ፊት።»

«እኔም ራሴን ረግሜ ነበር።»

ሩዋይዳ የመበየጃውን ብረት አንሥታ ለሱፍዋን ሰጠችው። «ጊታሩ ክፍት መተው የለበትም» አለች። «ጨርስለት።»

«እጄን አላምነውም።»

«አትመነዋ። ለካ።»

ለካ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ጥቁሩን ሽቦ ክር ከታሰረበት አረንጓዴ ጋር በየደ፣ ነጩን ወደ መሬት፣ ቀዩን ወደ መውጫው አደረገና ክዳኑን አሰረ። ፕላስተር ቆርጦ ከለጠፈበት በኋላ «ተለክቷል» ብሎ ጻፈበት። ጊታሩን ለብርቱካን አቀበላት። መጫወት አታውቅም፣ ዝም ብላ አውታሮቹን በአውራ ጣቷ ቁልቁል ሳበቻቸው። ድምፁ ወፍሮ ወጣ፤ መስኮቱ አስተጋባው።

ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ብርቱካን ሱፍዋንን አየችው። ከዚያ አንዱን አውታር አንድ ጊዜ መትታ መለሰችላቸው።