የሐሙሲቱ ደንበኛ

«ያዝ እንጅ! እጄ ሊበጠስ ነው!»

የአይሱዙው ባትሪ ከጸሐይነሽ እጅ ወደ ያየህ እጅ አለፈ። ሁለተኛው ተከተለ። የሩዝ መፈልፈያው ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለውም፤ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከአጥሩ ማዶ የወረታ ገበያ በዝናብ ውስጥ ይጯጯሃል።

«መኪናዬን ሽባ አደረግሃት» አለች ጸሐይነሽ፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እኔስ በምን ልወጣ ነው?»

«ከባህር ዳር መኪና ይመጣልዎታል። ተነሥቷል።»

«የላከው ማን ነው?»

«የማምነው ሰው ነው፣ እትዬ።»

ለወረታ ሰው ያየህ የኢንተርኔት ቴክኒሻን ነው። ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ አንቴና ያዞራል፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» እየተባለ ይሰደባል። በስውር ለሚሠራለት የደኅንነት ዋና ቢሮ ግን «ማጭድ» ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳልካቸው ሲሆን፣ በዚህ ስም ሰው ከጠራው ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

የመፈልፈያው ባለቤት ጸሐይነሽ ደግሞ «እሸት» ናት። ስሙ ሲነገራት ስቃ ነበር፤ «በዚህ ዕድሜዬ እሸት ልባል?» ብላ። የፎገራ ሩዝ በሚጫንበት ጆንያ ውስጥ ጠመንጃ የሚሸጉጡ ሰዎች መጋዘኗን በግድ ተከራይተዋታል። የግቢው ካሜራ ሁሉንም ቀርጿል። የጫኙም፣ ያስጫኙም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቅጂውን ይዞ የወጣው ውባየሁ የተባለ የያየህ ባልደረባ በባህር ዳር መንገድ ላይ ሐሙሲት ሲደርስ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። መንገዱ በጠመንጃ አዘዋዋሪዎቹ እጅ ነው። ስለዚህ ምስሉ በአየር መሄድ አለበት፤ በዚህችው ደካማ የገመድ አልባ መስመር፣ ዛሬውኑ። ነገ መቅረጫውን ይዘውት ይሄዳሉ።

ያየህ ግቢው ውስጥ ካለው የአንቴና ምሰሶ ሥር ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ገባ። የሶላሩ ባትሪዎች በዝናቡ ተንጠፍጥፈው አልቀዋል። የአይሱዙውን ባትሪዎች አያይዞ መስመሩን ለደንበኞች ከሚያከፋፍለው ስዊች ጋር አገናኘ።

አረንጓዴዎቹ መብራቶች ብልጭ አሉ።

ላፕቶፑን ከፍቶ የደንበኞቹን ፍጥነት አንድ በአንድ ገደበ። ሆቴሉን ቀነሰ። ትምህርት ቤቱን ቀነሰ። ቡና ላኪውን እስኪያዛጋ ድረስ ቀነሰው። የተረፈው ሁሉ ለምስሉ ሆነ። ምስሉም መሄድ ጀመረ።

አንድ ደንበኛ ብቻ አልነካም።

«ሐሙሲት ያለው የእኛ ቤት ነው» ብሎት ነበር ቀንበር። «የቢሮው ልጆች ይሠሩበታል። ገደብ እንዳታደርግበት።»

ቀንበር የተባለው አለቃው አንለይ ነው። ለሥራው የመለመለው አንለይ፣ በሠርጉ አንደኛ ሚዜው የነበረው አንለይ፣ አባቱ ሲሞት አስከሬኑን በራሱ መኪና አገር ቤት ያደረሰው አንለይ። አትንካው ካለ አይነካም።

ግን ምስሉ ቆመ።

ያየህ ስክሪኑን አየ። የሐሙሲቱ ደንበኛ መስመሩን ሁሉ ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ሌላው ቀጥኖ እሱ ብቻ ያብጣል። በዚህ ዓይነት ምስሉ እስከ ነገም አይደርስም፤ ባትሪው ደግሞ እስከ ማታም አይቆይም።

ቢቆርጠው አለቃው ያውቅበታል። ቢቀንሰው ግን በዝናቡ ይሳበባል። ቀነሰው። እንደ ሌሎቹ ሳይሆን ጉሮሮው ላይ ቆሞ ቀነሰው።

በዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሯል። ደንበኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሶ ዝም ይላል። ኢንተርኔቱ ሲያዘግምበት ግን ቀሚስ እንደተረገጠበት ቄስ ነው፤ አፍታም አይታገሥም፣ ለቴክኒሻኑ ይደውላል።

ስልኩ ጮኸ።

«ማጭድ!» አለ አንለይ። «መስመሩን ምን አደረግኸው? እፊቴ ተገትሮ ቀረ እኮ!»

«የትኛውን መስመር?»

«የሐሙሲቱን ነዋ!»

አንለይ የተናገረውን ራሱ የሰማው ያኔ ይመስላል።

«አንተ የት ነህ?» አለ ያየህ፣ ድምፁን እንደ ሰነፍ ቴክኒሻን አለስልሶ።

«ባህር ዳር። ነግሬህ የለም እንዴ? ልጆቹ ደውለውልኝ ነው።»

«እ... ዝናቡ ነው። አስተካክለዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ልጆቹ ደውለውለት ነው ብሎ ሊያምን ፈለገ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አጥብቆ ፈለገ። ግን መስመሩ ከቀጠነ ገና ደቂቃ አልሞላውም። ደግሞ «እፊቴ» ነው ያለው። አንለይ ሐሙሲት ተቀምጦ ምስሉ እንዳያልፍ መስመሩን በገዛ እጁ እያነቀ ነበር። ውባየሁ የወጣበትን ሰዓት የሚያውቀውም አንለይ ብቻ ነበር።

መኪናውን የላከውም አንለይ ነው።

ያየህ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ግቢው አየ። ጸሐይነሽ የአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ጭኗ ላይ አለ። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፤ መንገደኛ ሆናለች።

ባትሪዎቹን አሁኑኑ ነቅሎ ቢመልስላት በደብረ ታቦር መንገድ ትወጣለች። ምስሉ ግን ሩብ ቀርቶታል። ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ውባየሁም በከንቱ ጠፋ ማለት ነው።

ልንገራት? ብሎ አሰበ። ከነገራት ባትሪዬን አምጣ ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ማን አይልም። ከሐሙሲት ወረታ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከብትም ይበዛበታል፣ ቶሎ አይደርሱም። ራሱን እንዲህ እያለ ሸነገለ።

አልነገራትም።

የሐሙሲቱን መስመር እስከነጭራሹ ቆረጠው። የስዊቹ መብራቶች መደብዘዝ ጀመሩ፤ የአይሱዙው ባትሪዎች አርጅተዋል። ኃይል ለመቆጠብ ወደ ደንበኞቹ አንቴናዎች የሚሄደውን ገመድ አንድ በአንድ ነቀለ። ሆቴሉ ጨለመ። ትምህርት ቤቱ ጨለመ። ወረታ በሙሉ ከዓለም ተቆረጠች፤ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ቀረች።

ስልኩ በተደጋጋሚ ጮኸ። አላነሣውም።

በመጨረሻ ከዋናው ቢሮ አንድ ቃል መጣ። «ደርሷል።»

ያየህ የአንለይን ክህደትና ያለበትን ቦታ በአጭሩ ጽፎ ላከ። ከዚያ ባትሪዎቹን መንጭቆ ነቀለና ሁለቱንም ደረቱ ላይ ታቅፎ ወጣ።

ጋቢናው ባዶ ነበር።

ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆሟል። ጸሐይነሽ ቋጠሮዋን ይዛ በደስታ ወደ መኪናው ትራመዳለች።

«ያየህ!» አለች ዞር ብላ። «ሰውህ ቃሉን ጠበቀ እኮ!»

«እትዬ! አይጠጉ! የእኛ አይዶሉም!»

ቆመች።

አንዴ ተተኮሰ። ገበያው ጮኸ። በግ ነጂው፣ ባጃጁ፣ ሰዉ ሁሉ ተተራመሰ፤ ፒክአፑ በሕዝቡ መሐል እያስገመገመ ወደ መጣበት ሸሸ። ጸሐይነሽ በጭቃው ውስጥ ወድቃለች። ባትሪዎቹ ከያየህ እጅ ወደቁ።

ቢሮው ሥራውን ጨረሰ። አንለይ ሐሙሲት ውስጥ ከነስልኩ ተያዘ። በምስሉ ላይ የታዩትም በያሉበት ተለቀሙ። «ማጭድ» ምስጋና ተጻፈለት፤ ሌላ ስምም ተሰጠው።

ከወረታ ከመሄዱ በፊት ቢሮው እንዳይሄድበት የከለከለው ሆስፒታል ሄደ። ጸሐይነሽ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል። ስታየው ደስ አላት። ወንበር እንዲስብ በእጇ ጠቆመችው።

«ያ ሰውህ ከዳህ አሉኝ» አለች። «ሚዜህ ነበር አሉ። አይ አንጀትህ!»

አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ስታዝንለት ሊቋቋመው አልቻለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ባትሪዬን ከመስመርህ ከመንቀልህ በፊት ነው ወይስ ከነቀልህ ወዲያ ነው መክዳቱን ያወቅኸው?»

መዋሸት ሙያው ነው። ኬላ ላይ ዋሽቷል፣ አለቆቹ ፊት ዋሽቷል፣ ሚስቱንም ዋሽቷል። አሁን ምላሱ እምቢ አለችው።

«በፊት ነው፣ እትዬ።»

ጸሐይነሽ ትክ ብላ አየችው።

«እሱስ በገንዘብ ነው የሸጠህ» አለች። «አንተ እኔን በምን ሸጥኸኝ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ብርድ ልብሱንም እስከ ትከሻዋ ሳበች። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

በሩ ላይ ዘበኛው የሚወጡ ጠያቂዎችን ስም ይጠይቅ ነበር።

«ማን ልበል?»

አዲሱን ስም ነገረው። ዘበኛው ዳግም ሳያየው አሳለፈው፤ እሱም ጃኬቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው መሐል ገባ።