የመተሐራ ውሃ

«ውሃው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መተሐራ ሳለን የጠጣችው ውሃ ነው ጥርሷን የበላው» አለች እናቷ፣ ወይዘሮ ሲሳይነሽ።

ያምሮት ጓዳ ውስጥ ሆና ሰማቻት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ውሃው ጥርስ ያበላሻል የሚባልበትን መተሐራን ረግጣ አታውቅም። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። ቢጫና ሻካራው፣ እንጀራ ስትነክስ እንኳ የሚፈረፈረው ጥርሷም እዚሁ ነው የበቀለው።

ሳሎን የተቀመጡት ከቡሬ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ታላቅ እህቷን አቻምየለሽን ቴዎፍሎስ ለሚባል የቡሬ ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት። አቻምየለሽ ስትስቅ ጥርሷ ወተት ነው። ጠዋት ያምሮትን ጥግ አስይዛ፣ «ዛሬ ብቅ እንዳትይ። ይሄን አፍሽን አይተው ቢሄዱ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልሽም» ብላታለች። ትምህርት ቤት «በቆሎ» እያሉ የሚጠሯት ልጆች ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ እህቷ አይደሉም።

«ታናሺቱን ገበያ አይተናታል» አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አያ ላቀው። «ሟች ባለቤትዎንም ማንኩሳ አውቃቸው ነበር፤ እናታቸውንም። የሁለቱም ጥርስ እንዲሁ ነበር። የመተሐራ ውሃ ማንኩሳ ድረስ ወረደ እንዴ? እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል፤ እኛ ደግሞ አባቷን አየን። ዘር ነው ይሄ።»

ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። ሊሄዱ ነው። አብራት ጓዳ የነበረችው አቻምየለሽ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያምሮት ደስ አላት። እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ አላት። ትቅመሰው፣ አለች በልቧ።

ግን አንድ የምታውቀው ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህሯን ቻላቸውን «ለጓደኛዬ ነው» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም ሳይስቅ አስረዳት። የጥርስን ጠንካራ ሽፋን የሚያሠሩ ዘረመሎች አሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ሽፋኑ ሳስቶ ይበቅላል። እንዲህ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይዘል ሲወርድ፣ ያልወረሰ ልጅ የሚያወርሰው አይኖረውም። «የወረሰችውስ?» ስትለው ትንሽ አመነታ። «ለእያንዳንዱ ልጇ ግማሽ በግማሽ ነው» አላት።

ስለዚህ አቻምየለሽ ነፃ ናት። ይህን ለመናገር ግን «እኔ ነኝ ያለብኝ» ማለት አለባት፤ ያውም ነገ ቡሬም ማንኩሳም በሚያወሩ ሰዎች ፊት።

የእህቷ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ያምሮት አሁንም ተናዳባታለች፤ ቢሆንም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አያ ላቀው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጎቴን ታከለን ያውቁታል? ጥርሱ እንዴት ነው?»

«የአባትሽ ወንድም? ነጭ ነው።»

«የልጆቹስ?»

ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባቱም ነጭ።»

«እህቴም እንደሱ ናት። አልወረሰችም፣ አታወርስም። የወረስኩት እኔ ነኝ።»

«እስቲ ክፈቺው።»

ከፈተች። አያ ላቀው አገጯን ይዘው፣ ጊደር እንደሚገዛ ሰው ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«እንግዲያስ ጣጣው በዚች ብቻ ነው» አሉ። «ትልቋን ስጡን። ይቺ ግን፣ ወይዘሮ ሲሳይነሽ፣ ለሰው የምትሆን አይደለችም።»

«አይደለችም» አለች እናቷ፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈጥና።

ያምሮት እንዴት ወደ ጓዳ እንደተመለሰች አታውቅም። አቻምየለሽ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ሳመቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሠርጉ ፎቶ ላይ ግን አትስቂም፣ እሺ የኔ እህት?» አለቻት።

«እስቃለሁ» አለች ያምሮት።