ያልፈረሰችው መንኮራኩር

ገመዱ ተሳበ፤ መንኮራኩሯ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በፊልሙ ታሪክ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማርስ ላይ ሲያርፉ የመንኮራኩሯ ጎን ለሁለት መሰንጠቅ ነበረበት። ገመዱን የሚስበው የጭነት መኪና እንደገና ሳበ። በሦስተኛው ገመዱ ራሱ ተበጠሰ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን አሸዋው ላይ ወርውሮ ሄደ። የዕለቱን ሥራ ውሃ በላው።

ቱዳ ሳታስበው ሳቀች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት እረፍቷን ያሳለፈችው ዋርዛዛት ከተማ ዳር ባለው በዚህ ስቱዲዮ፣ ከጄሶ ሠሪው አባቷ ከባሱ ጋር ይህችኑ መንኮራኩር ስትለስን ነው። ከሩቅ ለሚያያት ብረት ትመስላለች እንጂ እንጨትና ጄሶ ናት፤ የመሪው ክፍል ቁልፎችም ቀለም የተቀቡ የሻምፑ ክዳኖች ናቸው። ሠራተኞቹ «ድስቷ» ይሏታል።

ሳቋ ግን አልቆየም። ለምን እንዳልፈረሰች ታውቃለች።

ጄሶን አጥብቆ የሚይዘው የዘንባባ ቃጫ ነው። ፎርማኑ ሲ ምባርክ «በዚህ ጎን ቃጫ እንዳይገባ፤ እንደ ብስኩት መፍረስ አለበት» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። አባቷ ነገሩ አልተዋጠለትም። «እጄ የነካው ግድግዳ በገመድ ሲወድቅ ልይ?» እያለ ሲያጉረመርም ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ለሶላት ሲሄዱ ቃጫውን በእፍኙ እየዘገነ ጄሶው የሚቦካበት ገንዳ ውስጥ ሲጨምር ቱዳ አየችው።

«ባባ፣ አይግባ ተብሎ የለ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ መቼ ፎርማን ሆንሽ?» ብሎ ጠቀሳት።

እሷም ሳቀች። እንዲያውም በአባቷ ኮርታ ነበር።

አሁን ሲ ምባርክ ከመንኮራኩሯ ጎን የተፈነቀለ ቁራጭ ይዘው መጡ። ቃጫው እንደ ጢም ወጥቶ ይታያል።

«ይህን ያቦካው ማነው?»

 አባቷ ጉሮሮውን ጠረገና «የሚያቦካው ይዲር ነው» አለ።

እውነት ነው፤ የሚያቦካው ይዲር ነው። ውሸቱ ያለው አባቷ ሳይናገር በተወው ውስጥ ነው።

ይዲር የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። «እኔ ቃጫ አልነካሁም ሲ ምባርክ፣ እናቴን» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዱ «ድሮም ልቡ ሥራው ላይ አይደለም» ሲል ሌላው «ሲያፏጭ ነው የሚውለው» ብሎ ጨመረ። ይዲር ባሱን አየ፤ ከዚያ ቱዳን አየ። ቱዳ ጫማዋን አየች።

«ዕቃህን ሰብስብ» አሉት ሲ ምባርክ።

በማግስቱ ጠዋት የይዲር አካፋ ለቱዳ ተሰጣት። አባቷን ሰው በሌለበት ያዘችው።

«ባባ፣ ለምን?»

«እሱ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም። እኔ ከዚህ ከወጣሁ ማን ይጠራኛል?» አለ፣ የመለሰኛ ብረቱን እየጠረገ። «በይ አቡኪ።»

 አካፋውን ጥላ ወደ ሲ ምባርክ ድንኳን ሄደችና ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው አልደነገጡም።

«ልጄ፣ የአባትሽን እጅ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ቃጫውን እንዳየሁ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ይዲርን ለምን አባረሩት?»

«ዳይሬክተሩ የሚባረር ሰው ፈለገ። የሚያቦካ ልጅ ሞልቷል፤ እንደ ባሱ የሚለስን ከየት አመጣለሁ?» ሰዓታቸውን አዩ። «ሂጂ፣ ምሳ ደርሷል። አባትሽን ደግሞ በሰው ፊት እንዳታዋርጂው።»

ሠራተኞቹ በመንኮራኩሯ ጥላ ሥር አንድ ጣጂን፣ በሸክላ ድስት የበሰለ ወጥ፣ ከበው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ አትክልቱን በፊቱ ካለው በኩል በዳቦ እየጠቀሰ ይበላል፤ ሥጋው እስከ መጨረሻ መሃል ላይ ይቆያል፤ የሚያካፍለው ደግሞ ታላቁ ነው። የዚህ ገበታ ታላቅ ባሱ ነው። ለየሰዉ አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ፤ አንድ ተረፈ። ሰው መጉደሉን ለወጥ ቤቱ የነገረው አልነበረም።

«ለማርስ ሰዎች እንላከው» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

አባቷ የተረፈውን ቁራጭ ወደ ቱዳ ገፋው። «ብዪ፣ ዛሬ የሱን ሥራ የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

ቱዳ ሥጋውን ዳቦ ውስጥ አስገብታ አጠፈችውና ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ለባለቤቱ ላደርስ።»

«ተቀመጪ ቱዳ።»

«ቃጫውን የጨመርከው አንተ እንደሆንክ እኔ ልንገረው ባባ፣ ወይስ አብረን እንሂድ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ሁሉም ሰማ። ዳቦ የያዙት እጆች ባሉበት ቀሩ። አባቷ ባዶውን የጣጂን መሃል ያያል።

ትንሽ ጠበቀችው። ቀና አላለም። ዳቦውን በሻርፗ ጠቅልላ ብቻዋን ወደ ሰፈራቸው ወደሚወስደው አስፋልት ወረደች።