ዘጠነኛዋ ወለላ

ወለላ ትናንት እህት ሆነች። እናቷ ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ወንድ ልጅ ወለደች።

ዛሬ ዘመድ ሁሉ በስልክ እየተያየ ለሕፃኑ ስም ሊያወጣ ነው። ወለላም ያሰበችው ስም አላት። ለማንም አልነገረችም።

እናቷ የተወችላትን አሮጌ ስልክ አንስታ ነካ አደረገችው። ቱው! ቱው! ጢጥ!

«ሞልቷል» አለ ስልኩ። ለካ ጥሪው ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ወለላ ዘጠነኛ ሆነች።

እስቲ ፍረዱ ልጆች! አጎት ገብቶ፣ የአጎት ሚስት ገብታ፣ እህት ውጭ ትቅር?

«እህቱ እኮ ነኝ!» አለች ወለላ። ስልኩ ምን ገዶት።

ወደ ሳሎን ሮጠች። አያቷ አባባ ደርሰህ ስልካቸውን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ይጮኻሉ።

«እህቱ እኮ ነኝ!» አለቻቸው። «ቆይ አንቺ» አሏት፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩዋት።

ወደ በረንዳ ወጣች። አጎቷ ሙላት በራሱ ስልክ ያወራል።

«እህቱ እኮ ነኝ!» አለችው። «ቆይ አንቺ» አላት።

ማድቤት ገባች። አክስቷ አዝመራ ሽንኩርት እየላጠች፣ እሷም በራሷ ስልክ ታወራለች።

«እህቱ እኮ ነኝ!» «ቆይ አንቺ።»

ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! እስከ መቼ ነው የምትቆየው? ስም የማውጣቱ ነገር ሊያልቅ እኮ ነው።

ወለላ እንደገና ሞከረች። ቱው! ቱው! ጢጥ! ሞልቷል። እንባዋ መጣ።

ይኼኔ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ወለላስ የት አለች?»

ድምፁ ከማድቤት መጣ። ከበረንዳም መጣ። ከሳሎንም መጣ።

ወለላ በጣቷ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

እንባዋ ደረቀ፤ ንዴት መጣ። ሳሎኑ መሀል ቆማ መሬቱን በእግሯ መታችው። ዷ! ዷ! ዷ!

«አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ስልክ! የእኔን ቦታ የወሰዳችሁት እናንተው ናችሁ። እህቱ እኮ ነኝ!»

ትልልቅ ሰዎችም ያፍራሉ፣ ካላወቃችሁ እወቁ።

አጎቷ ስልኩን ዘጋ፤ ጢጥ። አክስቷም ዘጋች፤ ጢጥ። ሁለቱም መጥተው ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

አባባ ወለላን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። «እውነትሽን ነው ልጄ፣ አጥፍተናል» ብለው ስልካቸውን ሰጧት።

እናቷ ታየች። እቅፏ ውስጥ ደግሞ ትንሽዬ፣ ቀይ፣ ፊቱ የተጨማደደ ሕፃን አለ።

«ወለላዬ፣ አንቺስ ማን አልሽው?» አለች እናቷ።

ወለላ ሕፃኑን አየችው፣ አየችው።

«አለልኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሌላ ስም የጠራ የለም። አባባ ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ማታ እናቷ ለወለላ ብቻ ደወለችላት። ወለላ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ «አለልኝ፣ ደኅና እደር» አለችው።

ሕፃኑ ግን ተኝቶ ነበር።