ብንጠፋፋ፣ ሚክሰሩ ጋ

አውቶቡስ ነጂ ሥራ ላይ አያለቅስም። የተጻፈ ደንብ ባይሆንም ደንብ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ሃምሳ ሰው ያየዋል። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት ስኮትላንድ ውስጥ ካለችው ከተማችን ከዳንዲ ኮረብታ ወደ ወንዙ እየወረድኩ ሳለ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ «የጎረቤት ሬዲዮ» የሚባለውን ዘፈን ከፈተች፤ ሁለት ፌርማታ ሳላቆም አለፍኩ።

«ወራጅ አለ! ኧረ ሎርና፣ ወንዝ ልትከቺን ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ጊልክሪስት፤ ሃያ ዓመት የማመላልሳቸው ደንበኛዬ ናቸው።

ይቅርታ ጠይቄ አቆምኩ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠራረግኩ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በዘፈን የማለቅስበት ዕድሜ አልነበረም።

ዘፈኑን ለማታውቁት ልንገራችሁ። «እርጥብ ጫማ» የሚባሉ አራት የሰፈራችን ልጆች ናቸው ያወጡት፤ ትልልቆቹ ሸክላ አሳታሚዎች ፊት ሲነሷቸው በራሳቸው አሳትመው በዘንቢል እያዞሩ የሸጡ። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ በግድግዳው በኩል የጎረቤቱን ሬዲዮ ይሰማል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። መሃል ላይ ጊታሩም ከበሮውም ቀጥ ይላል። አራት ምት ሙሉ ዝም። ከዚያ ከበሮው ሲመለስ አዳራሹ ይናወጣል። የእኛ የወዳጆቹ በሽታ ያቺ ዝምታ ናት።

ሮሪን ያገኘሁት በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የሥጋ ፓይ የሚሸጥ ዳቦ ቤት እሠራ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ምድር ቤት ያለች ጠባብ ክለብ ገባን። ግፊያው ገፍቶ ገፍቶ ከኋላ፣ ድምፅ የሚያስተካክሉበት ባለ ብዙ ቁልፍ ጠረጴዛ፣ ሚክሰሩ አጠገብ ወረወረኝ። አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ጠፋሽ እንዴ?» አለኝ።

«እኔ አልጠፋሁም። የጠፉት ጓደኞቼ ናቸው።»

ሳቀ። «እንግዲያው እዚሁ ቁሚ። ድምፁ የሚጥመው ሚክሰሩ ጋ ነው። ፊት ያሉት የሚሰሙት የራሳቸውን ጩኸት ነው።»

«አንተ ደግሞ ማነህ፣ የድምፅ ሚኒስትር?»

«ሮሪ እባላለሁ። ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው።» ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ቀለም ጥፍሩ ሥር ድረስ ገብቷል።

ዘፈኑ ተጀመረ። አራቱ ምት ላይ ሁሉም ትንፋሹን ሲውጥ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከበሮው ተመልሶ ቤቱ ሁሉ ሲዘል፣ ሁለታችን መዝለሉን ረስተን ቆመን ቀረን።

ስንወጣ ሰዉ እንዳይለያየን ፈርቶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፦ «ብንጠፋፋ፣ ሚክሰሩ ጋ!»

ከዚያ ወዲያ ይህች ቃል የእኛ ሆነች። ገበያ ስንለያይም፣ ባቡር ጣቢያ ስንሰነባበትም እንላታለን። አንድ ዓመት ሙሉ በየክለቡ እኔ ከሥራ፣ እሱ ከሥራ እየመጣን ሚክሰሩ ጋ ተገናኘን። አንድም ቀን ተጠፋፍተን አናውቅም።

አባቴ መርከብ ሠሪ ነበር። የመርከብ ግቢው ሲዘጋ የቀሩለት የታመመ ሳንባውና ኩርፊያው ናቸው። እናቴ ሞታለች፤ ያለሁለት እኔ ብቻ ነኝ።

«ያ ቀለማም ዛሬም መጣ?» ይለኛል።

«ስም አለው እኮ፣ አባዬ።»

«ስሙንማ ምን ላድርገው፣ ሥራ አለው ወይ ነው እንጂ። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እውነቱን ነበር። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። ሮሪ አንድ ቀን ወንዙ ዳር አስቀመጠኝና ድንች ጥብስ በኮምጣጤ እያበላኝ ነገሩን አወጣው።

«እንግሊዝ፣ ኒውካስል ሥራ አገኘሁ። ቅዳሜ ጠዋት በባቡር እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

«አብረሽኝ ነዪ። እንጋባለን።»

ድንቹን አስቀመጥኩ። «አባቴን ማን ያየዋል?»

ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አርብ ምሽት እርጥብ ጫማ በወደቡ ትልቅ አዳራሽ ይጫወታሉ። የምትመጪ ከሆነ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሲጀመር ሚክሰሩ ጋ አግኚኝ። ከቀረሽ መልስሽ ይገባኛል። በደብዳቤም በስልክም አላስጨንቅሽም፤ ቃሌ ነው።»

«አንተስ ሐሳብህን ብትቀይር?»

«ከቀየርኩማ እቀራለኋ!» ብሎ ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ስንት ዓመት እንዳቃጠለችኝ እኔና ትራሴ እናውቃለን።

አርብ ዕለት ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ከዚህ በር ከወጣሽ፣ አትመለሺ» አለኝ። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ዘገየ። አዳራሹ ስደርስ ሙዚቃው ተጀምሯል። ሻንጣዬን ካፖርት ለሚረከቡት ሴቶች ሰጠሁና በሰው መሃል እየተሹለከለክኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ቤቱ ከለመድናቸው ክለቦች አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ጨለማ ነው። ከኋላ፣ ምሰሶው ሥር፣ ትንንሽ መብራትና ብዙ ቁልፍ ያለው ጠረጴዛ አየሁ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ቁልፎቹን ይጫናል። አጠገቡ ቆምኩ።

ሮሪ የለም።

ሰውዬውን አንድ ቃል አልጠየቅኩትም። እንደኛ ያለ የሙዚቃ ወዳጅ ሚክሰሩ የት ነው ብሎ ይጠይቃል? የገዛ አፉ የት እንዳለ እንደመጠየቅ ነው።

የጎረቤት ሬዲዮ ተጀመረ። በሩን አየሁ። አራቱ ምት መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ዝምታ ውስጥ የራሴን ልብ ሰማሁ። ከበሮው ተመለሰ። አለቀ። ሰዉ ወጣ። ወለሉ ላይ የወደቀውን ኩባያ መጥረግ ጀመሩ፤ አንዲት ጠራጊ «ነይ ውጪ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ» ብላ መጥረጊያዋን እግሬ ሥር አስገባች። ሻንጣዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ በሩን ከፈተ። እኔን አየ፤ ሻንጣውን አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እስኪሞት ድረስ ያቺን ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ስለዚህች ብቻ ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ።

ደብዳቤ ጠበቅኩ። አልመጣም። እኔም አልጻፍኩም። ሐሳቡን የቀየረን ሰው ምን ብዬ ልለምነው? ሆድ ይፍጀው አልኩና ዝም አልኩ። በኋላ አገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም ባሌ፤ ስድስት ዓመት ኖርንና «አንቺ እኮ ከእኔ ጋር ተቀምጠሽ ሁልጊዜ በር በሩን ነው የምታዪው» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፤ አየኋ በሩን።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስና እኔ ነን። ቀን ሙሉ ሰው ጭኜ እውላለሁ፣ ማታ ለአንድ ኩባያ ውሃ አፈላለሁ። የእርጥብ ጫማ ባንድ ተበተነ፤ ከስንት ዓመት በኋላም ተመለሰ። ዘፈኑን ቤቴ ሆኜ እሰማለሁ እንጂ ኮንሰርታቸው ዝር ብዬ አላውቅም።

በጥቅምቱ ያ ነገር አውቶቡስ ላይ ከሆነብኝ በኋላ ግን ራሴን ተቆጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት! በወደቡ አዳራሽ እሑድ እንደሚጫወቱ ማስታወቂያው እዚያው አውቶቡሴ ጎን ላይ ተለጥፏል። ሄጄ፣ እዚያው ቦታ ቆሜ ሰምቼው፣ ጨርሼው ልውጣ አልኩ። የፈለግኩት ይህን ብቻ ነበር፤ ለምን እንደቀረ መጠየቄን ማቆም።

ኮንሰርቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አትሳቁ፤ የሁላችንም ጉልበት ምሽት መቆም አይችልም። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመው ወፍራም ሰውዬ የጥንቱን ካናቴራ ለብሶ እንብርቱ ወጥቷል።

«ልጄ ስትወለድ የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ይቺኑ ዘፈን በአፌ ዘፈንኩላት» አለኝ ሳልጠይቀው። «ነርሷ ልታስወጣኝ ነበር። ዛሬ ልጄ ራሷ ወልዳለች።»

ከኋላዬ ያለች ቀይ ሻርፕ የለበሰች ሴት ተቀበለችው። «እኛ ወንድማችንን የሸኘነው በሷ ነው። ቄሱ አራቱ ምት ላይ ያለቀ መስሏቸው ጸሎት ሲጀምሩ ከበሮው መጣባቸው! መጽሐፉ ከእጃቸው ወደቀ።» ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «ወንድሜ ቢያይ ኖሮ ዳግም በሳቅ ይሞት ነበር። አንቺስ፣ እህቴ?»

«እኔማ... ዜማውን ወድጄው ነው» አልኩ። ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ።

ገባሁ። ሚክሰሩ ከኋላ፣ እዚያው ምሰሶው ሥር ነው። ሽበቷን የጎነጎነች ስድሳ የሚሆናት ሴት ቆማበታለች፤ ደረቷ ላይ «ዊልማ» የሚል መታወቂያ አንጠልጥላለች። አጠገቧ ቆምኩ። ዘፈኑ መጣ። አራቱ ምት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ትንፋሹን ዋጠ፤ የሆነ ሰው አሳለው። እኔ ሳላስበው በሩን አየሁ። ማንም የለም። ከበሮው ሲመለስ እንባዬ ዝርግፍ አለ።

ሲያልቅ አልሄድኩም። ዊልማ ገመዷን እየጠቀለለች አየችኝ።

«አይዞሽ፤ እዚህ ያላለቀሰ የለም» አለችኝ። «ስንት ዓመት ሠራሁ መሰለሽ ከእነሱ ጋር። ከድሮም ከመበተናቸው በፊት እኔ ነበርኩ።»

«ያኔ እዚህ አዳራሽ ሲጫወቱም? የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ አርብ ምሽት?»

«ነበርኩ እንጂ።»

«አላየሁሽማ። እዚሁ ነበር የቆምኩት፣ ሚክሰሩ ጋ። ራሰ በራ ሰውዬ ነበር።»

ገመዱን አስቀመጠች። «ራሰ በራው የመብራት ሠራተኛችን ነው። ያየሽው የመድረኩ መብራት መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ነው። ሚክሰሩን ያኔ ላይ ነበር የሚያስቀምጡልን፤ ሰገነቱ ላይ።» በጣቷ አሳየችኝ።

ቀና አልኩ። ልክ ከራሴ በላይ ነው። ያን ምሽት ሙሉ እዚህ ቆሜ አንዴም ቀና ብዬ አላየሁም!

«ሰው... ያን ምሽት ሰው ቆሞ ነበር አጠገብሽ?»

ዊልማ ቀስ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። «አንድ ልጅ ነበር። የመጨረሻዋን ገመድ እስክጠቀልል ቆመ። ማንን ነው የምትጠብቀው ስለው፣ 'አንዲት ልጅ ናት፣ ጠፍታ አታውቅም' አለኝ።»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ባንዱ ከተመለሰ ወዲህ ሁልጊዜ ይመጣል» ብላ ቀጠለች። «ኒውካስል፣ ሊድስ፣ ግላስጎ... መጥቶ አጠገቤ ይቆማል። ሮሪ ይባላል። ስልኩን እንኳን አላውቅም፤ ሰላም ይለኛል፣ ዘፈኑን ይሰማል፣ ይሄዳል። ዳንዲ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ምነው ስለው 'እዚያ መልሴን አግኝቻለሁ' አለኝ።»

«ብቻውን ነው የሚመጣው?»

«ሁልጊዜ ብቻውን።»

«ዊልማ» አልኳት፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «እኔ እኮ ሻንጣ ይዤ ነበር የመጣሁት።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። መጥታ ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ አስደግፋ ያዘችኝ። ወይ ነዶ! አንድ ጣሪያ ሥር፣ እሱ ላይ፣ እኔ ታች፤ ሁለታችንም በሩን እያየን። አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ! አንዴ ወደ ታች ቢያይ ኖሮ! አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ።

«ቀጥሎ የት ናችሁ?»

«ቅዳሜ ኒውካስል።»

ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ይሁና፤ አሥራ ሰባት ቁጥርን ሌላ ሰው ይንዳው። ወይዘሮ ጊልክሪስትም አንድ ቀን ፌርማታቸው ላይ በሰዓቱ ይወርዳሉ።

«ኒውካስል ሚክሰሩ የሚቀመጠው የት ነው?»

«ታች። ከኋላ፣ በስተግራ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የኔ እህት፣ የማስቀምጠው እኔ ነኝ!»

«የመብራቱስ?»

ዊልማ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «እሱም አጠገቤ ነው። በይ ሂጂ አሁን፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»