የሰይፈሚካኤል ካፖርት

በ1995 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ በመንግሥት ወረቀት ሁሉ አዋሳ ተብላ ትጻፍ የነበረችው የሐይቅ ዳር ከተማ ደርቃ ነበር፤ ሐይቁ ከሸምበቆው ፈቀቅ ብሏል፤ ከቡሹሎ በኩል የሚመጡት ገበሬዎች የሚሸጡት አጥተው የእህል ዋጋ ጠይቀው ብቻ ይመለሳሉ፤ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ያርፋል። ባለፈው ግንቦት በከተማይቱ ዳር በጥይት የወደቁት ሰዎች ሐዘን ገና ከየቤቱ አልወጣም። ከእነሱም በፊት ወደ ሰሜን ዘምተው የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ የጦርነቱ ማብቂያ ውል ከተፈረመ ሁለት ዓመት ቢሞላውም ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተማረከ፣ ማን በሕይወት እንዳለ ለብዙዎቹ ወላጆች የነገራቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ሰው ጉዳዩን በጓዳው ይዞ በአደባባይ ስለ ዝናብ ያወራ ነበር።

በአዲስ ከተማ ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት የነበራቸው አቶ ገብረጻድቅ ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ናቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለፊታውራሪዎችና ለወረዳ ገዥዎች ኮት፣ በደርግ ዘመን ለቀበሌ ሊቃነ መናብርት ካኪ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ለስብሰባ ተመላላሾች ሙሉ ልብስ ሰፍተዋል፤ «መንግሥት ቢለዋወጥም የሰው ወገብ ያው ወገብ ነው» እያሉ ይቀልዱም ነበር። ታላቋ ልጃቸው ማርያማዊት እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ከጎናቸው ተቀምጣ አድጋለች፤ አሁን በሃያ ስድስት ዓመቷ እጇ ከእሳቸው እጅ የሚያንስ አልነበረም። የምትሰፋው ልብስ ግን አባቷን ራሳቸውን ያስነቀንቃቸው ነበር።

ነገሩን ያመጡት መምህር ማቴዎስ ናቸው። እኚህ ሰው በደርግ ጊዜ ሥዕል ሊማሩ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልከው የተመለሱ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር ቆመው የሚዘምሩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን ሱሪ ሊያስጠብቡ መጥተው በብብታቸው የያዙትን የሥዕል መጽሐፍ ለማርያማዊት ገለጡላት። በገጹ ላይ ያለችው ሴት አፍንጫዋ ወደ ጎን፣ ሁለቱም ዐይኖቿ ወደ ፊት፣ ትከሻዋ እንደ ተሰበረ ሸክላ ነበር።

«ይቺን ሴትዮ መኪና ገጭቷት ነው፣ መምህር?» አለች ማርያማዊት።

መምህሩ ሳቁ። «ኪዩቢዝም ይባላል፤ የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ፓሪስ ላይ የተነሣ ነው። ሠዓሊው ባንድ ቦታ ቆሞ አያይም፤ ሰውየውን ይዞረዋል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ያየውን ሁሉ ባንድ ሸራ ላይ ያኖረዋል። አንቺስ ብትሆኚ የምትወጂውን ሰው ስታስቢ ባንድ በኩል ብቻ ነው የሚታይሽ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የማርያማዊት መቀስ ጠባዩን ለወጠ። ኮሌታው ዳሌ ላይ ያረፈ ቀሚስ፣ አንዱ እጅጌው ከነጠላ ጥለት ሌላው ከጅንስ የሆነ ጃኬት፣ ኪሱ ጀርባው ላይ የተሰፋ ሸሚዝ ከስፌት ቤቱ ይወጣ ጀመር። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ኡሙልኸይር የመጀመሪያውን ለብሳ በገበያው መካከል ስታልፍ «እኅቴ፣ ልብስሽ ተገልብጧል» ያላት ሰው ብዙ ነው፤ እሷ ግን ሌላ አዘዘች። መምህር ማቴዎስም ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው፣ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት በባህል አዳራሽ የልብስ ትርኢት እንድታሳይ ፈቃድ አገኙላት።

የማርያማዊት ልብ ግን በትርኢቱ አልነበረም፤ በአንድ ካፖርት ላይ ነበር። ወንድሟ ሰይፈሚካኤል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ የባድመ ነገር የአገሩን ወጣት በሚያስነሣበት በ1991 መጀመሪያ ተመዝግቦ ዘመተ፤ ልብሱን በቆርቆሮ ሳጥን ከቶ «አይጥ እንዳይበላብኝ» ብሎ ነበር የሄደው። እናታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በመጀመሪያው ዓመት ልብሱን እያወጡ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። በልማዳቸው ግን ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሲለቀስለት በሬሳው ፈንታ የሚዘረጋው ልብሱ ነው፤ ለቀስተኛው በልብሱ ዙሪያ ቆሞ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ገመድ ላይ የተሰጣውን ሸሚዝ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። ወይዘሮዋ ይህን አስተዋሉ። ሳጥኑን ለልጃቸው ሰጥተው «ዐይኔ ከማያይበት አስቀምጪው፤ ሲመጣ ራሱ ይክፈተው» አሏት።

ማርያማዊት ሳጥኑን ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አኖረችው። ዓመታቱ ሲገፉ አንድ ነገር አስፈራት፤ የወንድሟ ፊት ጠፋባት። ጉርድ ፎቶግራፉን ስታይ ፎቶግራፉን እንጂ እሱን አታይም፤ በሐሳቧ የሚመጣላት ሲሄድ ያየችው ጀርባው፣ ሲስቅ ወደ ጎን የሚዘነበለው አንገቱ፣ ኳስ ሲጫወት የሚወጣው ክርኑ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምላትም። በመስከረም ሳጥኑን ከፈተች። ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ ጅንሱን፣ የኳስ ማሊያውን፣ በበዓል የሚለብሰውን ነጭ እጀ ጠባብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ሲመለስ የሚለብሰው ካፖርት ልትሰፋለት ነው። የሞተ ሰው ልብስ እንደማይቆረጥ ታውቃለች፤ የቆረጠችውም ስለዚሁ ነበር። መቀሱን ብትፈራ ሞቱን ያመነች መስሏት ነበር።

አባቷ ያገኟት ሁሉም ከተቆረጠ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመው ቁርጥራጩን ተመለከቱ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ አባባ። መጥቶ ሲለብሰው ታየዋለች።»

«ለአዋሳ ሙቀት ካፖርት?»

«ሁሉንም የሚይዝልኝ ካፖርት ብቻ ነው።»

«አንድ እንኳ ሳትቆርጪ አላስቀረሽም?»

«ለምን ብዬ ላስቀር፣ አባባ?»

ሽማግሌው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ቢናገሩት ግን ቃሉ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መነገሩ ነው፤ አልደፈሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው የካፖርቱን ትከሻ አነሡ። «ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ አንቺ እኩል አድርገሽዋል» አሉና ራሳቸው አስተካከሉት። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አባትና ልጅ አብረው ይሠሩ ጀመር፤ ስለ ልጁ ሲያወሩም እንደሚመጣ እንግዳ አድርገው ነበር።

ካፖርቱ ኅዳር ሲያልቅ አለቀ። የጅንሱ ጉልበት ክርኑ ላይ ወጣ፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተከፍሎ ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ጎን ተተከለ፤ ማሊያው ደረቱን በሰያፍ ቆረጠው፤ ነጩ እጀ ጠባብ ሾጣጣ ሆኖ ከጀርባ እስከ ትከሻ ወጣ። ከፊቱ የቆመ ሰው የሚሄድ ሰው ጀርባ ያይበታል። በእውነት የሚያምር ሥራ ነበር፤ መምህር ማቴዎስ ሲያዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ትርኢቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ገና ሲነጋጋ፣ የቀበሌው ሰዎችና የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው የአቶ ገብረጻድቅን በር አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ አንድ ቃል ሳይነገራቸው መሬት ላይ ወደቁ። ሰይፈሚካኤል በ1992 ግንቦት በዛላንበሳ ግንባር ሞቷል። ልብሱ ሲቆረጥ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰው ሞላ። የሰፈሩ ሙሾ አውራጅ ወይዘሮ ወርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ማርያማዊት ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ልብሱን አውጪልን። እናቱ የምታለቅስበት ነገር ትያዝ» አሏት።

ማርያማዊት ልትሸሽ ብትችል ኖሮ በሸሸች፤ መሄጃ ግን አልነበራትም። ካፖርቱን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ በእናቷ ጭን ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ገለባበጡት፤ እጃቸው እጅጌ ሲፈልግ ጉልበት ያገኛል፤ ኮሌታ ሲፈልግ ኪስ ያገኛል፤ ሽታውን ፈልገው ወደ አፍንጫቸው ቢያስጠጉት የካውያና የአዲስ ክር ሽታ ብቻ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሱ ልብስ ነው፣ እማዬ። ሁሉም አለበት። ሲመጣ እንዲለብሰው ብዬ ነበር።»

«ልጄን ጥይቱ ምን እንዳደረገው አላየሁም» አሉ ወይዘሮዋ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ባለማየቴ ነበር የምጽናናው። አንቺ አሳየሽኝ።»

አቶ ገብረጻድቅ ከወንዶቹ መካከል ተነሡ። «የኔም እጅ አለበት፣ ወለተጊዮርጊስ። ትከሻውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሚስታቸው ቀና ብለው አላዩአቸውም። «እንግዲያው ሁለታችሁ መልሱልኝ። ለሳልስቱ ልብሱን እፈልጋለሁ፤ ሸሚዙን እንደ ሸሚዝ፣ ሱሪውን እንደ ሱሪ። ይሄን ግን አላለቅስበትም።»

በማግስቱ አባትና ልጅ የስፌት ቤቱን በር ገርበብ አድርገው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መምህር ማቴዎስ ከለቅሶው ወደዚያው መጡ፤ ትርኢቱን እንዳስቀሩት ተናገሩ፤ ከዚያም ለመናገር እያፈሩ ልመናቸውን አቀረቡ።

«ማርያማዊት፣ እባክሽ ይህን አትተርትሪው። ጨርቁን እኔ ልፈልግ፤ የሱን የሚመስል ሸሚዝ ስፉላቸው። ልጁን በዐይኔ አይቼው አላውቅም፤ እዚህ ላይ ግን አየሁት። እዚህ ውስጥ አለ።»

«ለእርስዎ አለ፣ መምህር» አለች ማርያማዊት። «ለእናቴ የለም።»

ካፖርቱን ትወደው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ዳግመኛ ከእጇ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ወንድሟንም ሙሉ አድርጋ ያየችው በዚህ ልብስ ላይ ብቻ ነው፤ ብታፈርሰው ፊቱ ዳግመኛ እንደሚጠፋባት አልተጠራጠረችም። የእናቷን እጅ ግን በዚያ ጨርቅ ላይ ሲዳክር አይታለች። ምላጩን አነሣችና የአንገቱን ስፌት በጠሰች። መምህሩ ትንሽ ቆመው አዩ፤ ሊያዩት አልቻሉምና ወጡ።

ክሩ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው ችግሩ የታየው። ጅንሱ ሱሪ ሊሆን አልቻለም፤ ማሊያውና እጀ ጠባቡም በማይመለስ መንገድ ሾጥጠዋል። ተመልሶ ሊገጣጠም የሚችለው የትምህርት ቤቱ ሸሚዝ ብቻ ነበር። አባቷ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አጠጋግተው በሜትር ለኩ።

«ስፌት ጨርቅ ይበላል» አሉ። «ለካፖርቱ አንዴ በላ፤ አሁን ሊገጥም ደግሞ ዳር ዳሩን ልናስተካክለው ነው። ይጠባል።»

«ምን ያህል ይጠባል፣ አባባ?»

ሽማግሌው ሜትሩን አንገታቸው ላይ መልሰው አንጠለጠሉ። «ስፊው» አሏት።

ሰፋችው። ኮሌታው ገጠመ፤ ቁልፎቹ በየቦታቸው ገቡ፤ ግራ ትከሻውም እንደ ባለቤቱ ዝቅ አለ። ሸሚዝ ነበር፤ ማንም ሸሚዝ አይደለም አይለውም። ነገር ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሸሚዝ ሆኖ ነበር።

በሳልስቱ ከድንኳኑ መካከል ነጭ ነጠላ ተነጥፎ ሸሚዙ ተዘረጋ። ወይዘሮ ወርቄ ለዘማች የሚወርደውን ሙሾ፣ ጠላቱን ስለጣለ፣ መትረየሱን ስለታቀፈ ጎበዝ የሚባለውን፣ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዐይናቸው ሸሚዙ ላይ ሲያርፍ ግጥሙ አፋቸው ላይ ቀረ። ከወንዶቹ ወገን የነበሩት የቀበሌው ሰውም የተዘጋጁበትን የጀግንነት ንግግር ወደ ኪሳቸው መለሱት። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ተነሥተው ሸሚዙን አነሡ፤ ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ልጅ እንደሚታቀፍ ከታች በክንዳቸው ደገፉት። ማርያማዊት የሚመጣውን ቁጣ ጠበቀች።

«ልክ ነው» አሉ እናቲቱ። «ይህን ያህል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት፤ ድንኳኑም አብሯቸው አለቀሰ።

ማርያማዊት ከዚያ ወዲያ የተማሪ ዩኒፎርምና የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ኖረች፤ በዚያች ከተማ በአንድ ወቅት በኪዩቢዝም መንገድ ልብስ ይሰፋ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ ኡሙልኸይርና መምህሩ ብቻ ናቸው። የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉትም የምሽጎቹን ስም፣ የውሎቹን ቀን፣ የጄኔራሎቹን ማዕረግ አቆይተውልናል፤ ስንት ሰው እንደሞተ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በሠራዊቱ ማኅደር ሰይፈሚካኤል ገብረጻድቅ የሃያ ሁለት ዓመት ተራ ወታደር ነው። በሳልስቱ ድንኳን ውስጥ የነበሩት የአዲስ ከተማ ሰዎች ግን፣ ከእሱ ጋር ኳስ የተጫወቱት እንኳ ሳይቀሩ፣ ነገሩን ሲያነሡ ዘምቶ ስለቀረ ሕፃን ነው የሚያወሩት፤ የሚያርማቸውም የለም።